አሰምብሊ፦ ቁጥር ትርጉም የሚያገኝበት ቋንቋ

ፕሮሰሰር፣ ማለትም ትእዛዝ የሚፈጽመውና ስሌት የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል፣ የሚቀበለው ቁጥርን ብቻ በመሆኑ ማንኛውም ፕሮግራም በመጨረሻ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። አሰምብሊ እነዚህን የትእዛዝ ቁጥሮች ሰው ሊያስታውሳቸው በሚችል አጫጭር ቃላት የሚወክል ቋንቋ ሲሆን፣ ቃላቱን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ፕሮግራም አሰምብለር ይባላል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1949 እ.ኤ.አ. ሥራ ለጀመረው ኤድሳክ ኮምፒውተር ዴቪድ ዊለር ያዘጋጀው አጭር ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ በአንድ ፊደል እንዲወከል በማስቻል ለዚህ አሠራር ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው።

ተማሪ አስቀድሞ የሚተዋወቀው ከሬጅስተር ጋር ነው፤ ይህም በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚገኝ፣ ለጊዜው የሚሠራበትን ቁጥር የሚይዝ እጅግ ፈጣን ማስቀመጫ ነው። ኢንቴል በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው 8086 ፕሮሰሰር ኤኤክስ የተባለው ሬጅስተር 16 ቢት፣ ማለትም 16 የዜሮ ወይም የአንድ ስፍራዎች ያሉት ሲሆን፣ ላይኛው ግማሽ ኤኤች፣ ታችኛው ኤኤል ይባላል። «ሞቭ ኤኤል፣ 5» የሚለውን ትእዛዝ አሰምብለሩ ወደ 176 እና 5 ይለውጠዋል፤ የመጀመሪያው ምን እንደሚደረግና በየትኛው ሬጅስተር ላይ እንደሚደረግ፣ ሁለተኛው በዚያ የሚቀመጠውን ቁጥር ይናገራል። ባለ 8 ቢቱ ኤኤል ከ255 በላይ ስለማይዝ፣ 255 ይዞ ሳለ 1 ሲደመርበት ወደ 0 ይመለሳል፤ ፕሮሰሰሩም መትረፉን «ካሪ» በተባለ ምልክት ይመዘግባል፤ ምልክቱን መፈተሽ ግን የፕሮግራሙ ጸሐፊ ኃላፊነት ነው።

ከሁሉ የጠለቀው ትምህርት ቁጥር በራሱ ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው። 65 በስሌት ውስጥ መጠን፣ በጽሑፍ ውስጥ የላቲኑ ትልቁ «ኤ» ሲሆን፣ 8086 እንደ ትእዛዝ ካነበበው ደግሞ ሲኤክስ በተባለው ሬጅስተር ላይ 1 ይጨምራል። በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላትን በቁጥር በሚወክለው ሥርዓት፣ «ሀ» 4608 በመሆኑ፣ በኤኤክስ ሲቀመጥ ኤኤች 18፣ ኤኤል 0 ይይዛሉ፤ 18 በ256 ሲባዛ 4608 ይሆናልና።

ይህን አለማስተዋል አደጋ አለው። በ1988 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት የተሰራጨው የሞሪስ ዎርም፣ ማለትም ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም፣ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ፣ አንድ ፕሮግራም ርዝመቱን ሳይለካ በሚቀበለው ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዝ መላክ ነበር፤ ጽሑፉ ከተመደበለት ቦታ አልፎ ፕሮሰሰሩ ቀጥሎ የሚሄድበትን አድራሻ ሲተካ፣ እንደ መረጃ የገባው ቁጥር እንደ ትእዛዝ ተፈጸመ። ዛሬ አብዛኛውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ፣ ማለትም ወደ ትእዛዝ ቁጥሮች፣ የሚለውጠው ኮምፓይለር የተባለ ፕሮግራም ቢሆንም፣ አሰምብሊን የተማረ ሰው እያንዳንዱ ቁጥር የት እንዳለ፣ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝና ማን እንደሚያነበው መጠየቅን ይለምዳል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፍ አስተማማኝ ሥራ ለመሥራት የሚያበቃውም ይኸው ልማድ ነው።