ጭስ የሌለው ማጨሻ

ከአገር ውጭ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ዕጣን ሲያምረው መጀመሪያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። እዚያ የተገጠመው የጭስ ጠቋሚ ከጮኸ ሕንፃው ሙሉ ሊወጣ ይችላል። ፍሙም ገሉም ቀርቶ ቤቱ መልካም ሽታ እንዲኖረው ለሚፈልግ ሰው ታዲያ ዲፊውዘር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ።

በብዛት የሚሸጠው በአልትራሳውንድ የሚሠራው ነው። ክዳኑን ከፍተው ቢመለከቱ ከውኃ መያዣው ሥር የሳንቲም ስፋት ያላት ክብ ሴራሚክ ያያሉ። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ትርገበገባለች። ይህን ጆሮ አይሰማውም። በላይዋ ያለው ውኃ ግን መሀሉ ላይ ጉብ ይልና ከጫፉ እጅግ የደቀቀ ጠብታ መበተን ይጀምራል። ውኃው ላይ የተጨመረው ዘይትም አብሮ ይወጣል። የሚታየው ነጭ ጉም እንፋሎት ይመስላል እንጂ እጅ ቢያስጠጉበት ቀዝቃዛ ነው። ያለ ውኃ ዘይቱን በአየር ግፊት የሚበትንም አለ፤ እሱ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ዘይትም ይጨርሳል።

ገበያው ኢሴንሻል ኦይል የሚለው መዓዛማ ዘይት ከኑግና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩን ቶሎ ይረዳል፦ እንፋሎት በቅጠሉ ወይም በአበባው መሀል ያልፋል፣ መዓዛውን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል። የብርቱካንና የሎሚ ዘይት ግን በብዛት የሚገኘው ልጣጩን በመጭመቅ ነው። ምርቱ ከተክል ተክል በጣም ይለያያል። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3 ቶን በላይ አበባ ይፈጃል። ስለዚህ የጽጌረዳው ጠርሙስ በብርቱካኑ ዋጋ ከተሸጠ ውስጡ ያለው ሌላ ነገር ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማድረግም ይረዳል። ከምግብ ዘይት ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ቅባቱ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ንጹሑ ግን፣ እንደ ሰንደል እንጨት ያሉት ከባዶቹ ካልሆኑ በቀር፣ ተንኖ ይጠፋል።

የዕጣን ዘይት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ከሁመራና ከመተማ የሚመጣው የእኛ ዕጣን ዛፉ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል። በዘይቱ ውስጥ የሚበዛው ኦክቲል አሲቴት የተባለ፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ነው። የሶማሊያውና የኦማኑ ዕጣን ዘይት ብዙውን ጊዜ ወደ ጥድ ሽታ ያደላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ዕጣን» መባሉ ብቻ በቂ አይደለም፤ የዛፉን ሳይንሳዊ ስም አንብቡ። የእኛውም ቢሆን የቡና ሰዓቱን ሽታ አይደግመውም። ፍም ላይ ሙጫው ራሱ ይቃጠላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ቀድሞ የሚተነው ክፍል ብቻ ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የዕጣንን ሌላ ጠባይ ያሳያል። ጠብታውን ግን አታባክኑ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው በብዙ ቦታ ያረጁትን የዕጣን ዛፎች የሚተካ ወጣት ዛፍ አልበቀለም።

ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ3 እስከ 5 ጠብታ ይበቃል። አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል፤ «ጠፋ» ብሎ ደጋግሞ የሚጨምር ሰው ራሱ ሳያውቀው እንግዳውን ራስ ምታት ያስይዛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ማብራት፣ ከዚያ አጥፍቶ መስኮት መክፈት ይሻላል። መዓዛው የታፈነ አየርን ይሸፍናል እንጂ አያጸዳም። አስም ያለበት ሰው ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕፃን ባለበት ክፍል የባሕር ዛፍና የናና ዘይት አይበራም። ድመት ያለበት ቤትም ይጠንቀቅ፤ የድመት ጉበት እነዚህን ነገሮች ከሰውነት ለማስወገድ ይቸገራል፣ በተለይ የቲ ትሪ ዘይት ይመርዛታል።

ጨዋማ የጉድጓድ ውኃ ሴራሚኳን እንደ ማንቆርቆሪያ ሥር በነጭ ቅርፊት ይሸፍናታል፤ ጉሙ ይቀንሳል፣ ዕቃውም ላይ ነጭ አቧራ ያርፋል። ውኃውን በየጊዜው ደፍቶ፣ ሴራሚኳን ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ቀስ አድርጎ መጥረግ ዕድሜዋን ያረዝማል።

በአልትራሳውንድ የሚሠራው መሣሪያ ውድ መሆን የለበትም፤ ርካሹም ውዱም የሚሠሩት በዚያችው ሴራሚክ ነው። ገንዘባችሁን ለዘይቱ አውሉት፤ ጠርሙሱንም ልጅ እጁ በማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት፤ ጥቂት የባሕር ዛፍ ዘይት እንኳ ቢዋጥ ሕፃንን ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ላይ ይጥላል።