ዮሴፍ አልበርስ
ዮሴፍ አልበርስ (1888–1976 እ.ኤ.አ.) ትውልደ ጀርመን አሜሪካዊ ሠዓሊና የሥነ ጥበብ መምህር ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው «ክብር ለካሬ» በተባሉት ተከታታይ ረቂቅ ሥዕሎቹና በወረቀት ላይ ባደረጋቸው የቀለም ሙከራዎች ነው።

ሕይወቱ
አልበርስ የተወለደው በጀርመን ቦትሮፕ ከተማ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ባውሃውስ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በተማሪነት ገብቶ ኋላ እዚያው መምህር ሆነ። በ1933 ትምህርት ቤቱ በናዚዎች ጫና ሲዘጋ፣ የሽመና ጥበብ ባለሙያ ከሆነችው ባለቤቱ ከአኒ አልበርስ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያም እስከ 1949 በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ፣ ከ1950 እስከ 1958 ደግሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

አንድ ቅርጽ፣ ብዙ ቀለም
«ክብር ለካሬ» በ1950 ተጀምሮ እስከ ሠዓሊው ሞት ድረስ የቀጠለ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ሥዕል ሦስት ወይም አራት ካሬዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣሉ። ካሬዎቹ መሐል ላይ አይውሉም፤ ወደ ታች ዝቅ ይላሉ። ከታች ያለው ክፍተት አንድ እጅ ቢሆን፣ የግራና የቀኙ እያንዳንዳቸው ሁለት፣ የላይኛው ሦስት እጅ ነው። ቅርጹ ስለማይለወጥ በሁለት ሥዕሎች መካከል ተመልካቹ የሚያየው ልዩነት በዋናነት ከቀለሙ የሚመጣ ነው።

የወረቀት ላይ ሙከራዎች
አልበርስ ማሶናይት በተባለ የተጨመቀ እንጨት ሰሌዳ ላይ ከመሥራቱ በፊት ቀለሞቹን ብዙ ጊዜ በቀለም መጣጭ ወረቀት ላይ ይሞክር ነበር። ወረቀቱ ዘይቱን ስለሚመጥ በቀለሙ ዙሪያ የዘይት ጥላ ይቀራል። በብዙዎቹ ላይ የተጠቀመባቸው ቀለሞች ስም በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል።

ለተማሪዎቹ ደግሞ ከተበጠበጠ ቀለም ይልቅ ባለቀለም ወረቀት ይመርጥ ነበር። የተበጠበጠ ቀለምን ደግሞ አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት ያስቸግራል፤ ከአንድ ወረቀት የተቆረጡ ቁራጮች ግን ቀለማቸው አንድ ነው። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ተወስዶ አንዱ በጥቁር፣ ሌላው በነጭ መደብ ላይ ቢቀመጥ፣ በጥቁሩ ላይ ያለው ፈካ ብሎ፣ በነጩ ላይ ያለው ጠቆር ብሎ ይታያል። በተቃራኒው መደቡን በመለወጥ ሁለት የተለያዩ ቀለሞችን አንድ ማስመሰል ይቻላል። ከዚህ በመነሣት አልበርስ ዓይን ቀለምን ብቻውን እንደማያይ፣ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ እንደሚያየው አስተማረ።

እነዚህን ልምምዶች የያዘው «የቀለሞች መስተጋብር» የተባለው መጽሐፉ በ1963 ታተመ፤ ዛሬም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ያገለግላል። በ1971 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የዕድሜ ልክ ሥራዎቹን ለብቻው አሳየለት፤ በሙዚየሙ ይህን ዕድል በሕይወት ሳለ ያገኘ የመጀመሪያው ሠዓሊ እርሱ ነው።