አሥር ተከታታይ ውርወራ

በወልድያ ስለ ስፖርት ሲነሣ አስቀድሞ የሚወራው ስለ እግር ኳስ ነው። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በከተማችን መኖሩም ይህን ፍቅር አጠንክሮታል። ቅርጫት ኳስ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የረጃጅሞች ጨዋታ እየተባለ ዳር የቀረ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ቁመት ስለማይጠይቅ አንድ ግብ ነው። ይኸውም ከነፃ ውርወራ መስመር ላይ ቆሞ አሥር ኳስ ሳያቋርጡ ማስገባት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የሞከረ ግን ያውቀዋል።

ውድ አንባብያን፣ ጨዋታው የተፈለሰፈው እንደኛው ባሉ ሠልጣኞች መካከል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) የስፖርት አስተማሪዎችን በሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት፣ የካናዳው ተወላጅ ጄምስ ናይስሚዝ በብርዱ ወራት አዳራሽ ውስጥ የሚያጫውት ነገር እንዲፈልግ ታዘዘ። ተማሪዎቹ 18 ነበሩ። ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ከአዳራሹ ሰገነት ላይ በምስማር ተመቱ። ሰገነቱ ከወለሉ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይል ስለነበር ዛሬም የቀለበቱ ከፍታ ይኸው ነው። እንግዲህ ዓለም በሙሉ የሚንጠራራበት ልክ በአንድ ሰገነት ተወስኖ ቀረ ማለት ነው።

የነፃ ውርወራ መስመር ከሰሌዳው 4 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ተከላካይ የለም፣ የሚገፋ የለም። ታዲያ ምኑ ይከብዳል? የቀለበቱ ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የወንዶች ኳስ ውፍረት 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ኳስ ጎን ለጎን ለማስገባት ጥቂት ነው የሚጎድለው። ነገር ግን ይህ ኳሱ ከላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ነው። ጋደል ብሎ ሲመጣ ቀለበቱ ይጠብበታል። በ45 ዲግሪ ሲወርድ የሚያገኘው ክፍተት 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ30 ዲግሪ ከሆነ ግን 22 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሚቀርለት ብረቱን ሳይነካ ሊገባ አይችልም። ጂኦሜትሪ የረሳ ካለ የሻይ ብርጭቆ አፍ መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ከጎን ይመልከት፤ ክቡ እንቁላል ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ኳሱን ከፍ አድርጎ መስደድ ነው እንጂ አግድም መወርወር አያዋጣም። ኃይሉም ከክንድ ይልቅ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ከመነሣት ይመጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ10 ኳስ 5 የሚያስገባ ሰው አሥር በተከታታይ የማስገባት ዕድሉ ከ1,024 ሙከራ አንድ ጊዜ ነው። 7 የሚያስገባ ሰው ከ35 ሙከራ አንድ ጊዜ ያህል ይሳካለታል። 8 የሚያስገባው ከ9 አንድ ጊዜ፣ 9 የሚያስገባው ደግሞ ከ3 አንድ ጊዜ ገደማ። ከ5 ወደ 7 ያደገ ሰው ሁለት ኳስ ብቻ የጨመረ ይመስለዋል፤ ወደ ግቡ ግን ሠላሳ እጥፍ ያህል ቀርቧል! አሥሩን ብቻ እያየ ስለሚለማመድ ይህን አያውቀውም፤ “ኧረ ይኼ ነገር ለኔ አልተፈጠረም” ብሎ የሚተወውም ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በቀን 50 ወርውሮ የገባውንም ያልገባውንም በደብተር መያዝ ያስፈልጋል። ቆጣሪው ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሰው ለራሱ ሲቆጥር “ያቺኛዋን እኮ ንፋስ ወስዷት ነው” ማለት ይወዳል።

ከሒሳቡ ሌላ እፍረት የሚባል ነገር አለ። አሜሪካዊው ዊልት ቻምበርሌን ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ነበር። በዕድሜ ልክ ጨዋታው ከነፃ ውርወራ ያስገባው ከመቶ 51 ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961–62 የውድድር ዘመን ኳሱን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መሐል ወደ ላይ መስደድ ጀመረና ውጤቱ ከመቶ 61 ደረሰ። በመጋቢት 2 ቀን 1962 ብቻውን 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ጨዋታ ከ32 ነፃ ውርወራ 28ቱን አገባ። ከዚያስ? ተወው። አወራወሩ ስላሳፈረው እንደተወውና ይህም ስሕተት እንደነበር በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ አምኗል። በዚሁ ስልት የጸናው ሪክ ባሪ ግን ከ10 ኳስ 9 ያህሉን እያስገባ ጨዋታ አቁሟል። እኛ ሁለቱን ስናነጻጽር የቻምበርሌን ነገር ይገርመናል፤ ያን ያህል ግዙፍ ሰው ፈርቶ የነበረው ተከላካዮችን ሳይሆን የተመልካችን ሳቅ ነው።

እፍረቱ እኛም ዘንድ አለ። ከሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ የመጣች አንዲት የክፍል ጓደኛችን፣ ሜዳው ዳር የሚቆሙት ስለሚስቁባት መጀመሪያ የምትለማመደው ማለዳ 12 ሰዓት፣ ሰው ሳይነሣ ነበር። ቁመቷ አጭር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ50 ኳስ 14 አስገባች፤ በስምንተኛው 33። አሁን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በሁሉም ፊት ትወረውራለች። የሚስቅ አልጠፋም፤ ግን ከሚስቁት መካከል ሁለቱ ቆጣሪዎቿ ሆነዋል።

እሷ ደጋግማ የምታነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ነገ በሲሪንቃ ወይም በመርሳ ዙሪያ ገጠር ብንመደብና ትምህርት ቤቱ ቀለበት ባይኖረውስ? ባለ 12 ፌሮ 1 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ፣ ክብ አድርጎ ማስበየድ ትክክለኛውን 45 ሳንቲ ሜትር ቀለበት ይሰጣል። ሰሌዳው ከጣውላ፣ ምሰሶው ከባሕር ዛፍ ይሆናል። ለሕፃናት ግን ቀለበቱን 2 ሜትር ከ60 ላይ መስቀልና አነስተኛውን ቁጥር 5 ኳስ መስጠት ነው የሚገባው። የአዋቂውን ከፍታ መስቀል ልጆቹን ከመጀመሪያው ቀን ጨዋታውን ማስጠላት ነው።

የጓደኛችን ደብተር ከዚህ ጋዜጣ ጎን ተሰቅሏል። እስከ ዓርብ ድረስ ከፍተኛው ተከታታይ ቁጥሯ 7 ነው። ከበስተጀርባው የሌሎች ስም የሚጻፍበት ባዶ ገጽ አለ፤ እርሳሱን ግን እባካችሁ ወደ ቦታው መልሱ።