የገና ሳምንት የባሕር ዳርቻ አልጋ ለምን ይወደዳል?

ገና በደረሰ ቁጥር የሚሰማ ምሬት አለ። ቤተሰቡን ይዞ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሁለት ሌሊት ለማሳለፍ ስልክ የሚደውል የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ በኅዳር የሰማው የአልጋ ዋጋ በታኅሣሥ መጨረሻ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ «ከሁለት ሌሊት በታች አንቀበልም» ይባላል። በዚያ ላይ የበዓል እራት በግዴታ፣ በዚያ ላይ ሙሉ ቅድመ ክፍያ። ደንበኛው «ስግብግቦች!» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ባለሆቴሉ በበኩሉ ዶላር ጨመረ፣ ናፍጣ ጨመረ፣ ደመወዝ ጨመረ ይላል።

ሁለቱም ማብራሪያዎች አያስኬዱም። ስግብግብነት ታኅሣሥ ላይ መጥቶ በየካቲት የሚሄድ ጠባይ አይደለም፤ ይኸው ባለሆቴል በሰኔ ዝናብ በቅናሽ ሲለምን የነበረው ሰው ነው። ወጪውም ቢሆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሆቴል ወጪ ማሻቀቡ እውነት ነው። ነገር ግን ዶላር በጥምቀት ማግሥት አይረክስም። የአልጋ ዋጋ ግን ይወርዳል። የሰርጉ ጥር አልፎ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጨርሶ ይወርዳል። ወጪው ባለበት ቆሞ ዋጋው የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ ምክንያቱ ወጪው አይደለም።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ባለው የኬንያ ጠረፍ ነው። ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለው ዲያኒ በነጭ አሸዋው የታወቀ የመዝናኛ ዳርቻ ነው። የፈረንጆች ገና ሲመጣ እዚያ የሚደርሰው ግፊት ከሦስት አቅጣጫ ነው። አንደኛ፣ የኬንያ የትምህርት ዘመን በጃንዋሪ ስለሚጀምር ረጅሙ የተማሪዎች ዕረፍት የሚውለው በዲሴምበር ነው፤ ልጆች ያሉት የናይሮቢ ቤተሰብ ሌላ ጊዜ ልሂድ ቢል አይችልም። ሁለተኛ፣ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍሰው በዚሁ ወቅት ስለሆነ ሰማዩ ደረቅ ነው፤ ለመዋኘትም ለመጥለቅም ይመቻል። ሦስተኛ፣ አውሮፓ በዚያ ሰሞን ብርድ ላይ ናት። ሜይ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትልቁ ዝናብ ይወርዳል፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ በርካታ ሆቴሎችም ለጥገና በራቸውን ይዘጋሉ።

ከናይሮቢ ተነሥቶ ዲያኒ ለገና የሚሄድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ጉዞው ሦስት የተለያዩ ገበያዎችን ያልፋል። ሦስቱም ያላቸው ቦታ የተወሰነ ነው። ሦስቱም በዚያ ሳምንት ይጨናነቃሉ። የሚለያዩት ጭንቅንቁን በሚፈቱበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ባቡሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በናይሮቢና በሞምባሳ መካከል ሥራ የጀመረው የማዳራካ ኤክስፕረስ ሲከፈት የኢኮኖሚ ማዕረግ ትኬቱ 700 ሺሊንግ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 1,500፣ አንደኛ ማዕረጉ ደግሞ 4,500 ሺሊንግ ሆነ። ለጭማሪው የተሰጠው ምክንያት የነዳጅ ወጪ መናር ነው። ወጪን ተከትሎ የሚተመን ዋጋ ማለት ይኼ ነው፤ በባዶው ሜይ 1,500፣ በገና ዋዜማም 1,500። ውጤቱን የማያውቅ የናይሮቢ ነዋሪ የለም። የገና ሰሞን ትኬት ቀደም ብሎ ያልቃል። የባቡር ድርጅቱ ተጨማሪ ጉዞ ቢያዘጋጅም ያልቃል። ትኬቱን የሚያገኘው በጣም የሚፈልገው ሰው ሳይሆን የዕረፍት ቀኑን ከወራት በፊት የሚያውቅና ኢንተርኔት የማይቸግረው ሰው ነው፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ የቢሮ ሠራተኛው ነው። አሠሪው በመጨረሻው ሳምንት ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ የአውቶቡሱ ዋጋ ደግሞ በዚያ ሳምንት እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ጀልባው ነው። የሞምባሳን ደሴት ከደቡቡ ጠረፍ የሚለየውን የሊኮኒ መሻገሪያ እግረኛ በነፃ ያልፋል፤ መኪና አነስተኛና ቋሚ ክፍያ ይከፍላል። በነፃ ማለት ግን ያለ ዋጋ ማለት አይደለም። በበዓል ሰሞን መኪናው ሞተሩን አጥፍቶ ለሰዓታት ይቆማል፣ ልጆች በሙቀት ይነጫነጫሉ፣ እግረኛው ሻንጣውን አንግቦ በሰው ጎርፍ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። የሚከፈለው በሰዓት ነው። ክፍያው ደግሞ ለማንም አይገባም፤ አንድ ቤተሰብ በወረፋ ላይ ያጠፋው ሦስት ሰዓት ለጀልባው ድርጅት ሳንቲም አልጨመረም፣ ለሠራተኛውም ጉርሻ አልሆነም። ጭንቅንቁን ያቃለለው ሌላ ነገር ነው፤ በቅርብ ዓመታት የተከፈተው የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ባለመኪናውን ጀልባ ሳይነካ ወደ ደቡቡ ጠረፍ ያደርሰዋል።

ሦስተኛው ሆቴሉ ነው። ማብራሪያው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል።

ባለ 100 ክፍል ሆቴል አለ እንበል። አንድ ክፍል ሲያዝ የሚጨምረው ወጪ ቁርሱ፣ የአንሶላው ማጠቢያ፣ ውሃውና መብራቱ ነው፤ 25 ዶላር ይሁን። የባንክ ብድሩ፣ ጥበቃው፣ አትክልተኛው፣ ጄኔሬተሩ ክፍሉ ቢያዝም ባይያዝም ይከፈላሉ። በሜይ የሚመጣው እንግዳ 40 ክፍል ብቻ የሚይዝ ነው። ባለሆቴሉ ከ25 ዶላር በላይ የሚከፍለውን ሁሉ ቢቀበል ይሻለዋል፤ ስለዚህ እስከ 60 ዶላር ይወርዳል። አሁን በዚያው 60 ዶላር ለገና ማግሥት ልሽጥ ቢል 300 ቤተሰብ ይመጣበታል። ክፍሉ ግን 100 ነው። ሁለት መቶው ቤተሰብ መመለሱ የግድ ነው፤ በዚህ ላይ የማንም ደግነት ለውጥ አያመጣም። ያለው ጥያቄ በምን ተለይተው ይመለሳሉ የሚለው ብቻ ነው። ዋጋው ከፍ ሲል አንዳንዱ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ወደ የካቲት ያሻግረዋል፣ አንዳንዱ ዘመድ ቤት ያድራል። 200 ዶላር ሲደርስ 100 ቤተሰብ ይቀራል። ዋጋውን የቆረጠው እንግዲህ ወጪው አይደለም፤ ስልኩን ዘግቶ የተወው 101ኛው ቤተሰብ ነው።

በግ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለሰልስ ነበር። የገና በግ ሲወደድ ከሩቅ ወረዳ ይነዳል፤ ገና ላይ ያልተሸጠው ለጥምቀት ይቆያል። አልጋ ግን አይነዳም፣ አይቆይምም። ትናንት ሌሊት ባዶውን ያደረ ክፍል ዛሬ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ በዲሴምበር 20 ተወስኖ ለዲሴምበር 25 የሚደርስ አዲስ ክፍልም የለም።

ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እንግሊዝ እህልና መሬት ያሳየው ይህንኑ ነው። እህል የተወደደው የመሬት ኪራይ ስለተወደደ ነው የሚለውን የተለመደ ክርክር ገለበጠው፤ በእሱ አስተሳሰብ ኪራዩን የሚያንረው የእህሉ ዋጋ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎም ክርክሩ ያለው እዚያው ነው። «የባሕር ዳርቻ መሬት ውድ ስለሆነ አልጋው ተወደደ» ይባላል። የዳርቻው መሬት ውድ የሆነው ግን በዚያ መሬት ላይ የተሠራ ክፍል በገና ሰሞን 200 ዶላር ስለሚያወጣ ነው። ሰው ባይመጣ መሬቱ የኮኮናት እርሻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከዚህ የረቀቀ፣ በባለሙያዎች አፍም የሚሰማ ስሕተት አለ፤ «የበዓሉ ዋጋ ለባዶዎቹ ወራት ማካካሻ ነው» የሚለው። ይህም ነገሩን ከጭራው መያዝ ነው። ተአምር ተፈጥሮ ሜይ ሙሉ በሙሉ ቢያዝ፣ ባለሆቴሉ ለቀጣዩ ገና ዋጋ ይቀንሳል? አይቀንስም። 300ው ቤተሰብ እንደገና ይደውላል፣ ክፍሉም 100 ነው። ባዶዎቹ ወራት የሚገቡት በሌላ በር ነው። 101ኛውን ክፍል ልሥራ ወይስ አልሥራ ብሎ የሚያሰላ ባለሀብት ያ ክፍል በዓመት ውስጥ የሚያዘው ለሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ መሆኑን ያውቃል። በሜይ ነባሮቹም ባዶ ናቸውና አያስፈልግም። ስለዚህ የሲሚንቶውን፣ የብረቱን፣ የወለዱን ዋጋ በሙሉ መሸከም ያለባቸው የበዓሉ ሌሊቶች ናቸው። እነዚያ ሌሊቶች ካልተሸከሙት ክፍሉ አይሠራም። ፈረንሳዊው ማርሴል ቦይቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ለኤሌክትሪክ ዋጋ ያወጣው ስሌት ይኼ ነው፤ ማመንጫው የሚስፋፋው ጭነቱ ጫፍ ለሚደርስበት ሰዓት ሲባል ስለሆነ፣ የማስፋፊያውን ወጪ መሸከም ያለበት በዚያ ሰዓት የሚጠቀመው ደንበኛ ነው። ቦይቶ በኋላ የፈረንሳይን የመንግሥት የመብራት ድርጅት መርቷል።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። ዘንድሮ ለምን 200 ዶላር ሆነ ለሚለው መልሱ የ101ኛው ቤተሰብ ፍላጎት ነው። ከዓመት ዓመት ለምን ወደ 60 አይመለስም ለሚለው መልሱ ለሁለት ሳምንት ተብሎ የሚገነባ ክፍል ውድ መሆኑ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያብራራ ሁሉ ይስታል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ፍትሐዊ ጥርጣሬ አለ። ባለሆቴሎች ተነጋግረው ዋጋ ሰቅለውስ ቢሆን? በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ሪዞርቶች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። መለያው አንድ ነው፤ የበዓሉ ሌሊት ራሱ። በገና ዋዜማ ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘው ካደሩ፣ ዋጋው የእጥረት ዋጋ ነው። ዋጋው ተሰቅሎ ሩቡ ክፍል ባዶውን ካደረ ግን አንድ ሰው ሆን ብሎ ገበያውን ይዞታል፤ ያኔ የንግድ ውድድር ሕግ የሚጠራበት ጉዳይ ይሆናል።

ችግሩ ይህንን የሚናገር የመንግሥት ቁጥር አለመኖሩ ነው። ይህ አምድ በዓመታዊ የቱሪዝም ቁጥሮች ላይ እምነት የለውም፤ የኬንያው ምሳሌም ለምን እንደሆነ ያሳያል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጉ የውጭ ጎብኚዎችን እንደተቀበለች ይፋ አድርጋለች። በዚህ ቁጥር ውስጥ ለስብሰባ የመጣው አለ፣ ለንግድ የገባው አለ፣ ዘመድ ጠያቂውም አለ። በገና ሰሞን ዲያኒን የሚያጨናንቀው የናይሮቢ ቤተሰብ ግን የለበትም፤ ድንበር አላቋረጠምና። ዓመታዊው አማካይ የአልጋ አያያዝም ከዚህ አይሻልም። ሁለት ሳምንት ሞልቶ፣ ሁለት ወር ተዘግቶ፣ በቀረው ጊዜ በግማሽ የሠራ ሆቴል ዓመቱን ሁሉ ሲንቀራፈፍ ከከረመ ሆቴል ጋር አንድ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። የእኛም ወርኃዊ የዋጋ ግሽበት ሪፖርት የአንድን ሳምንት እሳት በአራት ሳምንት አብርዶ ነው የሚያቀርበው።

ዋጋ ይተመን የሚለው ጩኸት ከተሰማ የሚሆነውን ለማወቅ ሞምባሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ለበዓል አገር ቤት ለመግባት መናኸሪያ የቆመ ሰው ያውቀዋል። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ታሪፍ በመንግሥት የተተመነ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ግን መስኮቱ ላይ ትኬት የለም፣ ደላላው ዘንድ አለ። በታሪፉና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት አልጠፋም፤ ኪስ ቀየረ። የሪዞርት አልጋ ቢተመንም «ሞልቷል» የሚባለው በስልክ ለሚጠይቀው ነው፤ ለሚያውቁት ይገኛል። ባለሀብቱም 101ኛውን ክፍል አይሠራም። ግዴታው እራት ወፍራም ዋጋ ይለጠፍበታል። የመዝናኛ ሠራተኛው የበዓል ጉርሻም ይቀጥናል።

ዋጋውን ከሥሩ የሚያለዝበው ሰዉ ሁሉ በአንድ ሳምንት አለመንቀሳቀሱ ነው። በዚህ በኩል የኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ሳይታሰብ የሰጠው ጥቅም አለ። በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ብዙ ሆቴሎች ከፍተኛውን ዋጋ የሚያስከፍሉት ከፈረንጆች ገና ዋዜማ ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀናት ነው። የኢትዮጵያ ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። የኬንያ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ሲመለስ፣ የናይሮቢው ቤተሰብ ሻንጣውን ሲሸክፍ፣ ካስካዚ ግን ገና እየነፈሰ፣ ባሕሩም እንደረጋ ነው። ገናን ወይም ጥምቀትን በባሕር ዳርቻ ለማሳለፍ አቅሙም ዶላሩም ያለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ያንኑ ክፍል ጫፉ ካለፈ በኋላ ባለው ዋጋ ይይዛል። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የፈረንጆቹ ገና ለእኛ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ታኅሣሥ 16 አካባቢ የሚሄድ ሰው ከታኅሣሥ 28ቱ ደዋይ የተሻለ ዋጋ የማግኘት ዕድል አለው።

የቱሪዝም ሚኒስቴር አንድ ነገር ቢያደርግ ይህ ክርክር በየዓመቱ ባዶ ሜዳ ላይ ባልተካሄደ ነበር። ሆቴሎች በእያንዳንዱ ሌሊት ስንት ክፍል እንደያዙ መዝግበው ያስቀምጣሉ። ሚኒስቴሩ የገናን፣ የጥምቀትንና የፋሲካን ዋዜማ ቁጥር ለቢሾፍቱ፣ ለላንጋኖና ለሐዋሳ ለየብቻ ሰብስቦ በሳምንቱ ውስጥ ይፋ ያድርግ። ከዓመታዊው ሪፖርት ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ያ አንድ ገጽ ነው።