ወርቅ ከየት መጣ? ምስክሮቹስ እነማን ናቸው?

ቢስሚላሂ አር-ረህማኒ አር-ረሂም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን። 

ወርቅን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለመህር ይሰጣል፤ እናቶቻችን ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል፤ ኒሷብ ሲሞላም ዘካ ይወጣበታል። ነገር ግን ተቆፍሮ ወደሚወጣበት ዐለት እንዴት እንደገባ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ዛሬ ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመረመሩት በአንድ ምሳሌ እናያለን።

ምሳሌያችን በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ አካባቢ የሚገኘው ዊትዋተርስራንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ ከተገኘበት ወዲህ ከ40 ሺህ ቶን በላይ ወጥቶበታል። ወርቁ ያለው ጠጠርና አሸዋ ተጣብቀው በደነደኑበት ዐለት ውስጥ ነው። ሊቃውንት በአመጣጡ ላይ ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል። አንዱ ወገን «የጥንት ወንዞች ከተራራ አጥበው ያመጡት ነው» ሲል፣ ሌላው «ጠጠሩ ዐለት ከሆነ በኋላ ከምድር ውስጥ የመጣ ሙቅ ውኃ በስንጥቆች አስገብቶ የተወው ነው» አለ። ክርክሩ ለኑሮም ይተርፋል። ወንዝ ካመጣው ቆፋሪው የጥንቱን ወንዝ መንገድ ይከተላል፤ ሙቅ ውኃ ካመጣው ደግሞ ስንጥቁን። አንዳንዱ ጉድጓድ ወደ 4 ኪሎ ሜትር በሚጠልቅበት በዚያ ስፍራ አቅጣጫ መሳት ብዙ ጉልበትና ገንዘብ ያስከፍላል።

ታዲያ ማን ይመስክር? የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ሆነው በክብደት የሚለያዩት አይሶቶፖች ይባላሉ። አንዳንዶቹ በታወቀ ፍጥነት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚለወጡ እንደ ሰዓት ያገለግላሉ። በተፈጥሮ የሚገኘው ወርቅ ግን አንድ ዓይነት አይሶቶፕ ብቻ ነው፤ እርሱም አይለወጥም። ስለዚህ ወርቅ ስለ ራሱ ዕድሜ አይመሰክርም። የሚመሰክሩት ጎረቤቶቹ ናቸው።

በወርቁ ቅንጣት ውስጥ እጅግ ጥቂት ሬኒየምና ኦስሚየም አሉ። ሬኒየም 187 ቀስ እያለ ወደ ኦስሚየም 187 ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ ከ40 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ጥናት የሁለቱ መጠን ተለክቶ የወርቁ ዕድሜ 3.03 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆነ። የጠጠሩ ዐለት ዕድሜ ግን ከ2.9 ቢሊዮን ዓመት አይበልጥም። እንግዲህ ወርቁ ካለበት ቤት ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው! በሌላ ስፍራ ተፈጥሮ፣ በውኃ ታጥቦ ወደዚያ የመጣ መሆኑን ይህ ምስክርነት ይደግፋል። ኋላ ሙቅ ውኃ ከወርቁ ከፊሉን ከቦታው አንቀሳቅሶት ሊሆን እንደሚችል ግን ብዙዎች ይቀበላሉ።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በጉጂና በቤንሻንጉል አሸዋ አጥበው ወርቅ የሚለቅሙ ወገኖቻችን የወንዝ ወርቅ ከሌላ ስፍራ የመጣ መሆኑን ያውቃሉ። በሻኪሶ አቅራቢያ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ግን ከዐለቱ ከራሱ የሚወጣ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ወርቁን ያየ ሁሉ ታሪኩን አላወቀም፤ እውነቱ የቀረበው ትንሹ ምስክር ሲጠየቅ ነው። እኛም በሰው ጉዳይ ላይ ሳናጣራ ከመፍረድ እንቆጠብ። አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።