በደለዊ አቅጣጫ የሚያበራው የጋዝ ደመና

ብርሃን በሚጓዝበት መስመር ላይ ወደ ጎን እየተርገበገበ የሚሄድ ሞገድ ሲሆን፣ ከፀሐይም ሆነ ከፋኖስ በቀጥታ በሚወጣው ብርሃን ርግብግቢቱ በሁሉም አቅጣጫ የተቀላቀለ ነው። ይኸው ብርሃን ከውሃ ገጽ ሲነጥር ወይም በአየር ውስጥ ሲበተን ግን ርግብግቢቱ በአመዛኙ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል፤ እንዲህ ያለው ፖላራይዝድ ብርሃን ይባላል። የሰው ዓይን ልዩነቱን እምብዛም አያውቀውም፤ በጉራጌዋ ከተማ በጉንችሬ ዙሪያ ባሉ ማሳዎች የምትሰማራ ንብ ግን ፀሐይ በደመና ብትጋረድ እንኳ፣ ጥቂት ሰማያዊ ክፍት ቦታ ካገኘች በዚሁ ምልክት አቅጣጫዋን ታውቃለች።

ይህ ምልክት እጅግ ሩቅ ለሆነ እንቆቅልሽም አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2000 በደለዊ ኮከቦች አቅጣጫ 300,000 የብርሃን ዓመት ያህል ስፋት ያለው፣ ኤል ኤ ቢ 1 የተባለ የሃይድሮጂን ጋዝ ደመና መገኘቱ ተገለጸ። ብርሃኑ ምድር ለመድረስ 11.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ሲነሳ ሊማን አልፋ የሚባል አልትራቫዮሌት የነበረው፣ ሕዋ እየሰፋ ሞገዱን ስለለጠጠው፣ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ጋዙ የሚያበራው በስበት ተጎትቶ ወደ ውስጥ ሲፈስ ስለሚግል ነው ወይስ በውስጡ የተሸሸጉ ጋላክሲዎችን ብርሃን ስለሚበትን? የድምቀቱ መጠን ብቻውን ይህን አይለይም። በማቲው ሄይስ የተመራው ቡድን በቺሊ ፓራናል ተራራ ባለው 8.2 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት በተገጠመለት ቴሌስኮፕ ደመናውን ለ15 ሰዓት ያህል ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ውጤት፣ ብርሃኑ በመካከሉ ፖላራይዝድ እንዳልሆነ፣ በዙሪያው ግን ርግብግቢቱ ማዕከሉን እንደ ቀለበት እንደሚከብ አሳየ፤ ይህም ከመሐል ወጥቶ በጋዙ የተበተነ ብርሃን የሚተወው አሻራ ነው። የእንጦጦ ቴሌስኮፖች መስታወት 1 ሜትር ስፋት እንዳለው የሚያውቅ አንባቢ፣ የፓራናሉ ከ60 እጥፍ በላይ ብርሃን እየሰበሰበ እንኳ ያን ያህል ሰዓት መፍጀቱን ሲያስብ የምልክቱን ደካማነት ይረዳል።

ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኮምፒውተር ስሌት፣ ወደ ውስጥ የሚፈስ ጋዝ ራሱ ያመነጨው ብርሃንም ሲበተን ተመሳሳይ ፖላራይዜሽን ሊያሳይ እንደሚችል አመለከተ። በዚያው ዓመት ይፋ በሆነ ሌላ ጥናት ግን፣ አልማ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በደመናው እምብርት ከፍኖተ ሐሊብ ከ100 እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ከዋክብት የሚፈጥሩ ሁለት ጋላክሲዎችን ስላሳየ፣ ሚዛኑ ወደ ተሸሸጉት ጋላክሲዎች አጋድሏል።

ደመናው የሚገኘው ከምድር ወገብ ትይዩ በመሆኑ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከጉንችሬ አናት ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል።