ከአዲስ አበባ ወጥቶ መኖር፦ እውነት ወይስ ተረት?

አዲስ አበባ ራሷ የመኖሪያ ቦታ በመለወጥ የተገኘች ከተማ ናት። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ብርድና ንፋስ ትተው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ማገዶ ስለጠፋ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዞር ታስቦ ቤተ መንግሥት ሁሉ መሠራት ጀምሮ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው፤ አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የአየር ጠባይ፣ ውሃ፣ መሬት፣ የኑሮ ወጪ፦ ዛሬም የቤት ኪራይ ያስመረረው ቤተሰብ፣ ጡረታው የደረሰ ሠራተኛ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ተመልሶ ጎጆ ለመቀለስ የሚያስብ ወገን የሚመዝነው እነዚህኑ ነው። ምዘናው ግን በአብዛኛው የሚሠራው በወሬና በደላላ አፍ ነው። ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በአንድ ውል ላይ የሚያሳርፍበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ወሬውን ማጥራት ይገባል።

ተረት፦ «አዳማ ያቃጥላል፣ ሐዋሳ ይስማማል፣ ደብረ ብርሃን ይበርዳል። ይኸው ነው።»

እውነቱ፦ በአገራችን ሙቀትና ብርድን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የቦታው ከፍታ ነው። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ፣ ቢሾፍቱ 1,900፣ ባሕር ዳር 1,800፣ ሐዋሳ 1,700፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በሦስት ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ የሚጥለውም ለዚህ ነው።

ሐዋሳና አዳማ ግን በከፍታ ብዙም አይለያዩም። አንዷን «ተስማሚ» ሌላዋን «ሞቃት» የሚያሰኛቸው ሐይቁ፣ ዝናቡና የዛፉ ጥላ ነው። የአዳማ ንፋስም ቀላል አይደለም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ብርዱን ለመሸሽ የግድ ከተማ መልቀቅ የለበትም። አቃቂ ቢወርድ በከፍታ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሙቀት እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ያገኛል።

ከከፍታው ቀጥሎ ወሩ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞችና በባሕር ዳር ሙቀቱ የሚበረታው ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ለገና ከውጭ የመጣ እንግዳ የሚያየው በዓመቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለውን ወቅት ነው፤ በሐምሌ የመጣውም ዝናብ ያበረደውን። ሚያዝያን ሳያዩ ከተማ የመረጡ ሰዎች ሚያዝያ ላይ ነው የሚጸጸቱት።

ተረት፦ «ወባ ድሮ ቀረ፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ የለም።»

እውነቱ፦ ይህ ወሬ ሰው ይገድላል። በኢትዮጵያ በተለምዶ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ይወሰዳል። ከላይ ከጠቀስኳቸው ከተሞች ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማና ድሬዳዋ ከዚህ መስመር በታች ናቸው፤ ቢሾፍቱም ብትሆን በጥቂቱ ዝቅ ትላለች። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ ተመዝግቧል።

በዚያ ላይ አዲስ ትንኝ መጥታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ ከእስያ የመጣችው ትንኝ፣ እንደ ነባሮቹ በረግረግና በኩሬ ብቻ ሳይሆን በከተማ ቤት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በበጋ ለተቀሰቀሰው ወባ ምክንያት ሆና የተገኘችው እሷ ናት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ቤት ስለማይኖር፣ ክዳኑ በደንብ መግጠሙ የጤና ጉዳይ ሆኗል። ወደ ቆላ ከተማ የሚሄድ ቤተሰብ አጎበሩን ከአልጋው ጋር አብሮ ይጫን።

ተረት፦ «ግቢው የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ነው።»

እውነቱ፦ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ደላላ ፈጽሞ የማያነሳው፣ ገዢም የማይጠይቀው ነገር ነውና። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ጉዳቱ ከሕፃናት ይጀምራል። ቋሚ ጥርስ የሚሠራው በልጅነት ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ በልዞ ይበቅላል፤ በኋላ ላይ መቦረሽ አያነጣውም። በአካባቢው የበለዘ ጥርስ ስናይ ብዙዎቻችን በጽዳት እናሳብባለን፤ የውሃው ሥራ ነው። ለብዙ ዓመታት የጠጣ ዐዋቂ ላይ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ አንገትና ወገብ ይደርቃል፣ ጎንበስ ማለት ይከለክላል። በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ይህ ሕመም ከአሠርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ተጠንቶ የታወቀ ነው።

ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ክሎሪንና ውሃ አጋር ጀርም ይገድላሉ እንጂ ፍሎራይድን አይነኩም። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ማጣሪያ፣ ለምሳሌ የከሰለ አጥንት፣ ወይም ጥሩ ምንጭ ካለው መስመር የሚመጣ ውሃ ያስፈልጋል። አስቸጋሪው ነገር በአንድ ሰፈር ያሉ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ ሊለያዩ መቻላቸው ነው፤ «ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት ጠጣ» የሚለው ማስረጃ ስለ እርስዎ ጉድጓድ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ከሻጩ የላቦራቶሪ ውጤት ይጠይቁ፤ ከሌለው ናሙናውን ራስዎ ያስመርምሩ። የከተማው ውሃ አገልግሎት ዘንድ ሄደው ሰፈሩ ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ መጠየቅም ይቻላል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይህን ሳያደርግ ባይፈርም እመክራለሁ።

ተረት፦ «ከገበሬው በቀጥታ ከተገዛ ርካሽ ነው፤ ካርታው ቆይቶ ይወጣል።»

እውነቱ፦ ብዙ ጥሪት የቀለጠው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት ከተወረሰ ወዲህ በኢትዮጵያ የመሬት ሽያጭ የለም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሊያርሰው፣ ሊያከራየው፣ ሊያወርሰው ይችላል፤ ሊሸጥልዎ ግን አይችልም። ውሉ «የብድር»፣ «የስጦታ» ወይም «የውክልና» የሚል ስም ቢሰጠውም ፍርድ ቤት የሚያየው ውስጡን ነው፤ የገጠር መሬት ሽያጭ ሆኖ ከተገኘ ፈራሽ ነው። ከተማው ሲሰፋና ካሣ ሲመጣም ባለመብት ሆኖ የሚጠራው ስሙ በይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ሰው ነው።

«መብራት ገብቶለታል፣ ግብር ይገበርበታል» የሚለውም አያድንም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲ በርካታ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ሲፈርሱ፣ ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች የመብራትና የግብር ደረሰኝ ይዘው ነበር የሚያለቅሱት። ያ ሐዘን በማንም ላይ ዳግም አይድረስ። የቆጣሪ ደረሰኝ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም።

ሕጋዊ ካርታ ባለው ቤት ላይም ጥንቃቄ አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ሻጩ የማይከፍለውን የሊዝ ክፍያ ገዢው ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ሁለት ነገር ማጣራት ያስፈልጋል፦ ቦታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ ከዕዳና ከእገዳስ ነፃ ነው ወይ።

ተረት፦ «የውጭ ፓስፖርት ያለው ቤት በስሙ አይዝም፤ በወንድሜ ስም ይሁን።»

እውነቱ፦ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ሲሰጥ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት የማፍራት መብትንም ጨምሯል። በዘመድ ስም የተገዛ ቤት ዘመዱ ሲያገባ፣ ሲፋታ ወይም ሲሞት የሌላ ሰው ጉዳይ ይሆናል። ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት ከማቆም ካርዱን ማውጣት ይሻላል።

ተረት፦ «ክፍለ ሀገር ሁሉም ነገር ርካሽ ነው።»

እውነቱ፦ ግማሹ እውነት ነው። መቂና ዝዋይ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ አርባ ምንጭ ሙዝ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ዓሣ በማሳውና በሐይቁ ዋጋ ይገኛል። የቤት ኪራይም በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ይቀላል። ነገር ግን የመብራት ታሪፍ በመላ አገሪቱ አንድ ነው፤ የስልክና የኢንተርኔቱም እንዲሁ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና የቤት ዕቃም በርቀቱ ምክንያት አይረክስም። ከፍተኛ ሕክምና የሚፈልግ ሰው ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ሲመላለስ የመሳፈሪያና የማረፊያው ወጪ በኪራይ የተረፈውን ይበላዋል። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ካለ፣ ከተማ ሲመርጥ ከኪራዩ በፊት ሆስፒታሉን ይጠይቅ።

ኪራዩም ባለበት አይቆምም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች መጥተው አንዲት ክፍል ለብዙ ሰው እስክትሆን ድረስ ቤት ጠፋ። ዛሬ ርካሽ የሆነ ከተማ ነገ ፋብሪካ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የክፍያ መንገድ ሲደርሰው ይወደዳል። ተከራይ ሆነው ከሄዱ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ይወቁት፦ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በሚሄዱበት ከተማ ተግባራዊ መሆኑን ግን እዚያው ይጠይቁ፤ አፈጻጸሙ በየክልሉ ይለያያል።

ልጆች ካሉ ደግሞ የትምህርት ቋንቋው ወጪም ጊዜም ነው። በአዳማና በቢሾፍቱ አፋን ኦሮሞ፣ በሐዋሳ ሲዳምኛ የሥራ ቋንቋ ነው። መዝገብ ቤት ጉዳይ ያለው ሁሉ ይነካዋል። ቋንቋውን ለመማር ፈቃደኛ ሆኖ የሄደ ቤተሰብ ከጎረቤቱ ጋር ቶሎ ይዋሃዳል፤ ይህን እንደ ሸክም ባናየው ደስ ይለኛል።

ተረት፦ «ቦታው ደረቅ ነው፤ ወንዝም የለበት።»

እውነቱ፦ በምሥራቁ አገር አሸዋው ራሱ ወንዝ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። በተቃራኒው ሐረርን ሲያጠጣ የኖረው የሐሮማያ ሐይቅ ከጊዜ በኋላ ደርቆ ከተማዋ ውሃ ከሩቅ ማምጣት ግድ ሆነባት። ቦታ ሲያዩ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጎርፉ በየት እንደሚያልፍና ውሃው በስንተኛው ዓመት እንደሚያጥር ይጠይቋቸው፤ በካርታው ላይ ያልተጻፈውን እነሱ ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከአዲስ አበባ አትውጡ እያልኩ አይደለም። ለቀው ወጥተው ጤናቸው የተሻሻለ፣ ልጆቻቸው በሰፊ ግቢ ያደጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሚያዝያን፣ ክረምቱንና የወባውን ወቅት በኪራይ ቤት እዚያው ከርመው እስኪያዩ ድረስ የግዢ ቀብድ አይክፈሉ።